ፔዳል ወረደ ተብሎ ማስተር አይገዛም

ሰሞኑን ስለ አሮጌ ፎር ባይ ፎር መኪና ፍሬን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አጻጻፉ ደስ ይላል። ጸሐፊው መኪና የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ የጻፉትም ለባለመኪናው አስበው ነው። ግን ምክራቸውን በተርታ የተከተለ ሰው ግማሹን የፍሬን ዕቃ ቀይሮ፣ ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ሊጠብቀው ይችላል። ይህን የምለው በቅናት አይደለም። እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ከስሬያለሁ፤ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ፔዳል ከወረደ ማስተሩን (የእግርን ግፊት ወደ ፍሬን ዘይቱ የሚያስተላልፈውን ዋና ሲሊንደር) ቀይሩ። አየር ከገባ ፔዳሉን እስከ ወለል በፍጥነት እየረገጣችሁ አስወጡት። ዘይት ከጎደለ ሙሉ፤ ከቸገራችሁም ያገኛችሁትን ዘይት ጨምሩ። ፔዳል ከጠነከረ ፓድ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን) ቀይሩ። መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ በዚያ ወገን ያለውን ጎማ ፍቱ። ጎማ ከጋለ ካሊፐሩን (ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ቀይሩ። ከኋላ ያለውን የጭነት ቫልቭ (የኋላ ፍሬኑን ግፊት እንደ ጭነቱ የሚቆጣጠረውን) ንቀሉና ጣሉት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው የአሮጌ መኪና ጠባይ ነውና ተላመዱት።

ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ዕቃ። ለማስታወስ ይመቻል። ፍሬን ግን እንደዚያ አይሠራም። አንድ ምልክት አራት አምስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምክንያቶቹን የሚለያቸው ደግሞ ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት በእግርና በእጅ የሚደረግ ፍተሻ ነው። ጽሑፉ ውስጥ የጠፋው ይሄ ነው።

በተጻፉበት ቅደም ተከተል ልሂድ።

የመጀመሪያው የፔዳል መውረድ ነው። ጸሐፊው ፔዳሉ ወደ ወለሉ ከተጠጋ ማስተር ሲሊንደሩ አልቋል ይላሉ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ግን «ወረደ» የምንለው ነገር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፤ እግር ደግሞ ይለያቸዋል።

መኪናው በቆመበት ፔዳሉን ረግጣችሁ፣ ሳትለቁ፣ በመጠነኛ ኃይል ያዙት። ከያዘበት ቦታ ቀስ እያለ፣ ሳይቆም፣ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ዘይቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ወይ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) አርጅቶ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሾለከው ነው። በቱቦውም በጎማውም በኩል ፍሳሽ ካጣችሁ ማስተሩን ጠርጥሩ። ይሄ አንዱ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ረገጣ በጣም ዝቅ ይላል። ወዲያው ስትደግሙት ከፍ ብሎ ይይዛል። ከያዘ በኋላ ድንጋይ ነው፤ ብትጫኑትም አይሰምጥም። ይህ ማስተር አይደለም። ሸራው ከታምቡሮው (ከጎማው ጋር ከሚዞረውና ሸራው ከውስጥ ከሚይዘው ከበሮ)፣ ወይም ፓዱ ከዲስኩ፣ ርቋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ረገጣ ክፍተቱን በመዝጋት ያልቃል፤ ሁለተኛው ፍሬን ይይዛል።

ሦስተኛው ስፖንጅ ነው። ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከፍ ይላል፣ ግን ከሥሩ ሞላ (ስፕሪንግ) ያለ ይመስላል፤ እግራችሁን መልሶ ይገፋል። አየር ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ አርጅቶ ሲረገጥ የሚነፋ የላስቲክ ቱቦ ነው። ሰው ፔዳሉን እየረገጠላችሁ ቱቦውን በጣቶቻችሁ መሐል ያዙት። ሲያብጥ ይሰማችኋል።

ሁለተኛውን ዓይነት ለማረጋገጥ አንዲት ቀላል ዘዴ አለች። የእጅ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጥርስ ያህል ሳቡና ፔዳሉን እንደገና ርገጡ። ፔዳሉ በግልጽ ከፍ ካለ የኋላው ሸራ ላልቷል፤ መስተካከል ይፈልጋል። ይህ የሚሠራው የእጅ ፍሬኑ የኋላ ሸራዎችን ለሚይዝ መኪና ነው። እንደ ላንድ ሮቨር ዲፌንደርና እንደ አሮጌዎቹ ባለ 40 ላንድ ክሩዘሮች የእጅ ፍሬኑ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኋላ ባለች አንዲት ታምቡሮ ላይ ከሆነ ምንም አይነግራችሁም።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ላይ የኋላ ሸራ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፣ አትንኩት ይላሉ። እርግጥ ብዙዎቹ ማስተካከያ አላቸው። ግን ማስተካከያውን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? በብዙ ቶዮታዎች የእጅ ፍሬኑ ነው። ሲሳብና ሲለቀቅ አንዲት ምላስ ጥርስ ያላትን ትንሽ መዘውር አንድ አንድ ጥርስ ታዞራለች። ባለመኪናው የእጅ ፍሬን የመሳብ ልማድ ከሌለው፣ ወይም ገመዱ ዝጎ ከተያዘ፣ ማስተካከያው ለዓመታት አይነቃነቅም። ጭቃ ውስጥ በኖረ መኪና ላይ ደግሞ ምላሷ ራሷ ደርቃ ትገኛለች። የባሰ አሮጌ ከሆነ ጭራሽ በእጅ ብቻ የሚስተካከል ነው።

አሁን ኪሳራዬን ልንገራችሁ። የኔ መኪና ፔዳል ሁለተኛውን ዓይነት ጠባይ አመጣ። ጥሩ አስፋልት ላይ ደህና ነው። ኮረኮንች ላይ ነድቼ፣ ጥምዝ አልፌ፣ ልክ ፍሬን ስይዝ የመጀመሪያው ረገጣ ባዶ ነው። ልብ ይሰነጥቃል። ጋራዥ ወሰድኩት፤ ማስተር ተቀየረ። አልተሻለውም። አየር ነው ተብሎ ሁለቴ ተነፈሰ። አልተሻለውም። የፊት ካሊፐሮች ጎሚኒ ተቀየረ። ያው ነው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የፊት ጎማውን በክሪክ አነሱት። ከላይና ከታች ያዙና ወዘወዙት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ላልቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎማው ኩሽኔታ ሲላላ ጎማው ጥምዝ ላይና ኮረኮንች ላይ ያዘነብላል። ዲስኩም አብሮት ያዘነብላል፤ ፓዶቹንና ፒስተኖቹን ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። የሚቀጥለው ረገጣ እነሱን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ብቻ ያልቃል። ትንሽ ሒሳብ ብናደርግ ለምን እንደሚያስፈራ ይገባል። በአንድ ጎማ ላይ 45 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ፒስተኖች ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ተመለሱ እንበል። ማስተሩ 25 ሚሊሜትር ከሆነ ያንን ዘይት ለመሙላት ከ3 ሚሊሜትር በላይ መሄድ አለበት። የፔዳሉ ዘንግ አራት እጥፍ ካደረገው እግራችሁ 13 ሚሊሜትር ያህል በባዶ ይወርዳል። ከአንድ ጎማ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከላሉ እጥፍ ነው።

ሽማግሌው የጨመሩልኝን ልጨምርላችሁ። ጎማው ሲወዘወዝ ሌላ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ። ውዝዋዜው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተይዞም ከተወዘወዘ ችግሩ ከዚያ ወዲያ፣ መሪው ጎማውን በሚያዞርበት መገጣጠሚያ ያለው ኩሽኔታ ነው። የኩሽኔታ ማጥበቂያና ቅባት ነበር የሚያስፈልገኝ። ማስተሬ ጤነኛ ነበር። እስካሁን መደርደሪያ ላይ አለ።

ማስተሩን በእርግጠኝነት ለመፈተሽ ደግሞ መንገድ አለ። የሚወጡትን የብረት ቱቦዎች ፈታችሁ፣ በቦታቸው ልክ የሆነ የክር ቡሎን ግጠሙና ድፈኑ፤ አየሩ ከውስጥ መውጣቱን አረጋግጡ። ከዚያ ፔዳሉን ርገጡ። ከላይ ቀጥ ብሎ ከቆመና ካልሰመጠ ማስተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ከሱ በታች ነው። ከሰመጠ ያኔ ሂዱና ግዙ።

ሁለተኛው ነጥብ አየር ማስወጣት ነው። ጸሐፊው ፔዳሉን እስከ ወለል በፍጥነት መምታት ይመክራሉ። ለአዲስ ማስተር ችግር ላይሆን ይችላል። ለአሮጌ ማስተር ግን ገዳይ ነው። ለዓመታት የማስተሩ ፒስተን የሚሄደው የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሲሊንደሩ ግድግዳ ዝገትና ዝቃጭ ይዟል። እስከ ወለል ስትመቱት ለስላሳው ጎሚኒ ያንን ሻካራ ቦታ ይፈገፍጋል። ጠዋት ደህና የነበረ ማስተር ማታ ያሾልካል። ከዚያ ጸሐፊው ያው፣ ማስተሩ አልቋል ነበር ይሉናል። ከፔዳሉ ሥር እንጨት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ፈጥኖ መርገጥም አየሩን ከዘይቱ ጋር ይበጠብጠዋል እንጂ አያወጣውም።

አየሩ አልወጣ ካለ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛ፣ ካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ ተቀያይረው ተገጥመው ከሆነ የአየር ማስወጫው ቡሎን ከታች ይሆናል። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቀኑን ሙሉ ብትረግጡ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ብዙ ቶዮታዎች ከኋላ ባለው የጭነት ቫልቭ ላይ የራሱ ማስወጫ ቡሎን አላቸው። የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው የዘይት መጉደል ነው። ፓድ ሲያልቅ ዘይቱ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል ያሉት ትክክል ነው፤ እስማማለሁ። መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ አታስቡ ያሉት ግን አይሆንም። ዘይቱ መሬት ሳይነካ የሚጠፋባቸው ቦታዎች አሉ። ማስተሩ ከኋላ ጎሚኒው ካሾለከ ዘይቱ የሚገባው ሰርቮው (የእግርን ኃይል የሚያግዘው ክፍል) ሆድ ውስጥ ነው። ከውጭ ምንም አይታይም። ማስተሩን የያዙትን ዳዶዎች ፈታ አድርጋችሁ ወደ ፊት ሳብ አድርጉትና ከኋላው በጣታችሁ ዳሱ። ርጥብ ከሆነ ሌባው ተያዘ። ሌላው ቦታ ታምቡሮው ውስጥ ነው። የጎማው ሲሊንደር የአቧራ ላስቲክ ዘይቱን አቅፎ ይይዘዋል። በጥፍራችሁ ጫፍ ገለጥ አድርጉት። ዘይት ዥው ካለ ጊዜው ደርሷል። በነገራችን ላይ የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አትንፉት፤ አርጥባችሁ ጥረጉት።

ከቸገራችሁ ያገኛችሁትን ዘይት ጨምሩ የሚለው ግን ያስቆጣኛል። እዚህ ላይ ትህትናዬን ትንሽ ልቀንስ። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ፍሬን ውስጥ አይገባም። አንድ ማንኪያም ቢሆን። የፍሬኑ ጎሚኒዎች ለፍሬን ዘይት የተሠሩ ናቸው፤ የማዕድን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ያበጠ ጎሚኒ ማስተሩ ውስጥ የመመለሻዋን ቀዳዳ ይዘጋል። ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም። ይህን ጥፋት የምታውቁበት ምልክት ከዘይቱ ገንዳ ክዳን ሥር ነው። ክዳኑን ክፈቱ። የክዳኑ ላስቲክ ተነፍቶ፣ ተሞጅሮ፣ ወደ ቦታው አልመለስ ካለ ሌላ ዘይት ገብቷል። መድኃኒቱ ውድ ነው። ቱቦዎቹን ማጠብና በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ላስቲክ ሁሉ መቀየር፤ ማስተር፣ ካሊፐር፣ ሲሊንደር፣ የላስቲክ ቱቦ። ሁሉም።

በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይት ቀይሩ ያሉትን ግን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም። 3.7 በመቶ ውሃ ከገባው ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ልዩነት ይታያል።

አራተኛው የጠነከረ ፔዳል ነው። ጸሐፊው ፓዱ ደርቋል፣ ለስላሳ ፓድ ግዙ ይላሉ። ፓድን ከመንካታችሁ በፊት ሰርቮውን ጠይቁት። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ እስኪጠነክር። ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሰርቮው አያግዛችሁም። ቀጥሎ ሞተሩ አንድ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ይጥፋ። ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያው ጠልቆ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያጠረ መሄድ አለበት። ሁሉም እኩል ከጠነከረ ሰርቮው አየር ያስገባል፣ ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ቱቦ ላይ ያለችው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አትዘጋም። ስትረግጡ ፊሽ የሚል ድምፅ ካለና የቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) የሚንገዳገድ ከሆነ የሰርቮው ውስጠኛ ላስቲክ ተቀዷል።

ናፍጣ መኪና ካላችሁ አንድ ነገር ይጨመራል። የቤንዚን ሞተር አየር ስቦ ሰርቮውን ባዶ ያደርገዋል። የናፍጣ ሞተር ያንን መሳብ አይሰጥም፤ ስለዚህ የራሱ ቫኪዩም ፓምፕ አለው። በብዙ አሮጌ ናፍጣዎች ላይ ይህች ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ተለጥፋለች፤ የምትቀባውም በሞተሩ ዘይት ነው። ዲናሞው ሲቀየር ያልተጠራ ችግር የሚመጣው እዚህ ነው። ቱቦዋ ተሰንጥቋል፣ ወይም ያለ ፓምፕ የሚመጣ ዲናሞ ተገጥሟል። ባለመኪናው ፓድ እየገዛ ነው። ከፍ ያለ ተራራ ላይም ፔዳል ትንሽ ይጠነክራል። ሰርቮ የሚሠራው በአየሩ ግፊት ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ያ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ነው። ይህ ብልሽት አይደለም።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደክምም ፔዳሉ ይናገራል። ፔዳሉ ጠንክሮ እያለ መኪናው አልቆም ካለና ሽታ ካለ ፓዱ ወይም ሸራው ነው ከመጠን በላይ የጋለው። ፔዳሉ ላልቶ ወደ ወለል ከሄደ ዘይቱ ፈልቷል። የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሁለተኛው ዘይቱ ይቀየር እያላችሁ ነው። ለሁለቱም ከላይ ሆኖ በዝቅተኛው ማርሽ መጀመር ይሻላል።

አምስተኛውን ባጭሩ ልለፈው። መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ከሳበ ቀኙን ፍቱ ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን የሚስበው ወገን የሚሠራው ወገን ነው። ቀኙ ይዟል፣ ግራው አልያዘም። መጀመሪያ ግራውን እዩ። የደረቀ ፒስተን፣ የተዘጋ ቱቦ፣ ዘይት የጠጣ ሸራ። ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያላችሁ የተወሰነ መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ የሁለቱን ጎማዎች ሙቀት አነጻጽሩ፤ የቀዘቀዘው ሥራ ፈቷል። ከኋላ በኩል ሸራው የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ዘይት ጠጥቶ ካገኛችሁት ኦይል ሲሉን (የዘይት ማሸጊያውን ላስቲክ) ቀይራችሁ ብቻ አትሂዱ። አክስሉ ላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ እዩ። በጭቃ ከተዘጋች አክስሉ ሲሞቅ የታፈነው አየር ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። አዲሱም ኦይል ሲል አይቆይም።

ስድስተኛው የሚግል ጎማ ነው። ካሊፐር ቀይሩ። እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የጓደኛዬ መኪና የፊት ግራ ጎማ ይግል ነበር። ካሊፐሩ አንዴ ተቀይሯል። ተመልሶ ጋለ። ጎማውን በክሪክ አነሳነው። በሁለት እጅ ቢታገሉት አይዞርም። የ10 ቁልፍ ማስወጫው ቡሎን ላይ አደረግኩና ሩብ ዙር ፈታሁ። ጥቁር ዘይት ጭርር ብሎ ወጣ። ጎማው በአንድ ጣት ዞረ።

ካሊፐሩ ደርቆ ቢሆን ዘይቱ ቢወጣም ጎማው አይለቅም ነበር። ስለዚህ የታሰረ ግፊት አለ ማለት ነው። የት ነው የታሰረው? ቡሎኑን ዘጋን፣ ፔዳሉ አንዴ ተረገጠ፣ ጎማው እንደገና ተያዘ። አሁን ከላስቲክ ቱቦው በላይ ያለውን የብረት ቱቦ መገጣጠሚያ ፈታ አደረግን። ጎማው አልለቀቀም። ከላይ ተለቆ ከታች ታስሯል፤ በመሐል ያለው የላስቲክ ቱቦው ብቻ ነው። አውጥተን አየነው። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። የያዘው ብረት ግን ከሥሩ ዝጎ አብጦ አንቆታል። እግር ሲረግጥ ዘይቱን በኃይል ያሳልፋል፤ ሲለቀቅ ዘይቱ በራሱ ኃይል መመለስ አይችልም።

ከላይ ሲፈታ ጎማው ቢለቅ ኖሮ ጥፋቱ ወደ ማስተሩ በኩል ነበር። በተለይ ማስተር ወይም ሰርቮ ከተቀየረ በኋላ ሁሉም ጎማ ከጋለ በሁለቱ መሐል ያለውን ዘንግ ጠርጥሩ። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ዘይቱ ሲሞቅ የሚመለስበት ቀዳዳ ተዘግቷል። የማስተሩን ዳዶዎች ፈታ አድርጋችሁ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ስትስቡት ፍሬኑ ከለቀቀ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጸሐፊው እዚሁ ላይ የእጅ ፍሬን ሳቡና አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ ብለዋል። ቅድም ያልኳቸው፣ የእጅ ፍሬናቸው ካምቢዮው ኋላ ላይ የሆኑ መኪናዎች ላይ ይህ ሰው ይገድላል። አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ከሆነ በዲፈረንሻሉ ምክንያት ያ ጎማ በነፃ ይዞራል፤ መሬት ላይ ያለውም ይንከባለላል። እጅ ፍሬኑ እንደተያዘ መኪናው ከክሪኩ ይወርዳል። መሬት ላይ ላሉት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ወይም ታኮ አድርጉ፤ ሥር ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በክሪክ ሳይሆን በማቆሚያ ብረት አስደግፉ።

ሰባተኛው የጭነት ቫልቭ ነው። ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘችው ያች ቫልቭ ጥቅም የላትም፣ ንቀሏት ተብሏል። ጥቅም አላት። መኪናው ባዶ ሲሆን ኋላው ቀሊል ነው፤ ቫልቯ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች። ጭነት ሲኖር አካሉ ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ይዞራል፣ ቫልቯ ግፊቱን ትለቃለች። ነቅላችሁ ቱቦውን በቀጥታ ካገናኛችሁት ባዶ መኪና በዝናብ ቀን ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆልፋሉ። ኋላው ዞሮ ፊት ይሆናል።

ግን የጸሐፊውን ምሬት እረዳለሁ። ብዙ ሰው ባሌስትራ (አካሉን የሚሸከመውን ንጣፍ ብረት) ጨምሮ መኪናውን አምስት ሳንቲሜትር ያስነሳና ቫልቯን ይረሳታል። ለቫልቯ መኪናው ከፍ ማለቱ ባዶ መሆኑ ነው። ጣሪያው ድረስ ብትጭኑትም ባዶ ነው ብላ ታምናለች። የኋላ ፍሬን ይደክማል፣ መኪናው አፍንጫውን ይደፋል፣ የፊት ፓድ ቶሎ ያልቃል። መፍትሔው መንቀል ሳይሆን ዘንጉን ወይም መያዣውን በተነሳው ልክ ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ግን ዘንጉ በእጅ መንቀሳቀሱን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ዝጎ ደርቋል።

የመጨረሻው ነጥብ የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው፣ ተላመዱት የሚለው ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ባለ 31 ኢንች ጎማ የነበረ መኪና 35 ኢንች ሲገጠምለት፣ ፍሬኑ በዚያው ኃይል ቢይዝም መሬት ላይ የሚደርሰው 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ የጎማው ሒሳብ ነው፤ ዕቃ በመቀየር አይፈለግም። አራቱም ጎማው ታምቡሮ የሆነ መኪና ወንዝ ሲሻገር ውሃ ይጠጣል፤ ወጥቶ የመጀመሪያዎቹ ረገጣዎች ወዲያና ወዲህ ይጎትታሉ። ይህም ጠባዩ ነው። ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል። አራቱ እኩል መያዝ ሲጀምሩ መሪው ላይ ይታወቃችኋል።

ደርቆም አንዱ ጎማ ብቻውን መጎተት ከቀጠለ ግን ጠባይ አይደለም። ታምቡሮውን ፍቱት፤ ብዙ ጊዜ ከሸራው ሥር አንድ ጭብጥ ጭቃ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።